ጠርዙን ገልብጦ ማየት

ሐኪሟ ክምር ተናገረች፣ ልጅ እፍኝ አቀበለ። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚያ ነው።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ቆዳው የተገፈፈ የሰው እጅ ሥዕል። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ፀጉሯን ጠቅልላ በእርሳስ የወጋች። የአሮጊቷን ቀኝ እጅ ይዛ አገላበጠች፣ የአውራ ጣቷን ሥር ተጫነች፣ አንጓዋ ላይ በእስክሪብቶ አንዲት አጭር መስመር አሰመረች፤ ከዚያ ወደ ልጅየው ዞራ በዕብራይስጥ ወረደችበት። ተናገረች፣ ተናገረች፣ በጣቷ ቆጠረች፣ ጠረጴዛውን ቆረቆረች። በመሃሉ ልጅየው ሁለቴ በአጭሩ መለሰላት። ስትጨርስ ጉሮሮውን ጠራረገና፣

«እረፊ ትላለች፣ እማዬ» አለ።

«ይሄን ሁሉ ተናግራ?»

«ክኒኑንም አትርሺ ትላለች።»

«ያቺ ሦስት ጊዜ የደጋገመቻትስ? ‹ኒቱአሕ› ያለቻት?»

«የሐኪም ወግ ነው፣ ተዪው» አለና የግራ ጆሮውን ጫፍ ቆነጠጠ።

እንግዲህ ይሄ ልጅ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አውቶብስ የሚያህል ነገር በከተማ መሃል የሚነዳ ሰው ነው። ሲዋሽ ግን ጆሮውን ይቆነጥጣል፤ ስኳር ሰርቆ ከተያዘበት ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ። እናት ደግሞ ልጇን ያወቀችው ሌላው ሰው ከማወቁ በፊት ነው። ሁለት ቃል አፏ ውስጥ ይዛ ወጣች፣ እንደ ከረሜላ ሳትውጥ፤ ‹ኒቱአሕ›ን እና ‹ሚትያቤሽ›ን። ሁለተኛዋን ሐኪሟ የተናገረቻት አውራ ጣቷን እየነካች ነበር።

ፊደል አልቆጠረችም። ሰው ግን ፊደል አልቆጠረም ማለት ጆሮ አልፈጠረበትም ማለት አይደለም። የተማረው ወረቀቱ ላይ ጥሎ ይረሳል፤ ያልተማረው የሰማውን የሚጥልበት የለውም፣ ይዞት ይዞራል።

እንፋሎት ይሏታል። እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። በልብስ ማጠቢያው ድርጅት ዐሥራ አንድ ዓመት ትልቁ የእንፋሎት ካውያ ላይ ቆማ ስለሠራች ነው፤ ስትቆጣም ጭሱ ባናቷ ይወጣል ይላሉ፤ ለሁለቱም ይሆናል። ዐሥራ አንድ ዓመት በ«እህ» እና በጣት ተግባብታ ኖራለች። አለቃው ጣቱን ሲቀስር ታያለች፣ እሷም ቅንድቧን ታነሳለች፣ ሥራው ይሄዳል። ቋንቋ ሲያስፈልግ ልጅ አለ፣ የልጅ ሚስት አለች። ማን ይጎዳል? አሁን ግን ቀኝ እጇ ከዳት። አውራ ጣቷ፣ ጠቋሚዋና መሃለኛዋ ጣቷ ደንዝዘው እንጨት ሆኑ። ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ፣ ስብርባሪውን ጠርጋ ጣለች። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷት የልጇን ሚስት መጥራት ግድ ሆነባት። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ማንም አልብሷት አያውቅም። ያን ጊዜ ነው የልጇ እፍኝ ያንገሸገሻት።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ወደ አጣፊዋ ሄደች። አጣፊዋ አንሶላ የምታጥፈው ሴት ናት፤ ሃምሳ የደፈነች፣ ቀጭን፣ በልጅነቷ መጥታ ቋንቋውን እንደ ውሃ የምትጠጣ፣ በእረፍት ሰዓት ደግሞ የታጠፈው አንሶላ ክምር ላይ ወጥታ የምታንቀላፋ።

«አንቺ ልጅ፣ ንቂ።»

«ኧረ እማማ! አለቃው መጣ ብዬ ልቤ ፈሰሰ።»

«ኒቱአሕ ምንድን ነው?»

አጣፊዋ ቁጭ አለች። ፊቷን አዞረች። «ማን አለዎት?»

«ሐኪሟ።»

«ልጅዎን ይጠይቁት።»

«ጠይቄው ጆሮውን ቆነጠጠ።»

«እማማ፣ እኔ በሰው ቤት ነገር አልገባም። ልጅዎ የሸሸገዎትን እኔ ነግሬ መርዶ ነጋሪ ልባል?»

ይሄ ነው የኛ ሰው ደንብ። ክፉ ወሬ ለባለቤቱ መጨረሻ ነው የሚደርሰው። ጎረቤት ያውቃል፣ የጎረቤት ድመት ታውቃለች፣ ባለቤቱ «ደህና ነህ» ይባላል። እሷም ራሷ ስንቱን እንዲህ አድርጋለች፤ ለእህቷ የወንድማቸውን ሞት አንድ ወር ሙሉ ደብቃ «ጉንፋን ይዞታል» ስትል ኖራ የለ እንዴ። ጽዋው ሲዞር ግን ይመርራል።

«እንግዲያው ቃሏን አትንገሪኝ» አለች እንፋሎት። «ቋንቋውን አስተምሪኝ። እኔው ሄጄ እደርስባታለሁ።»

«ቀጠሮዎ መቼ ነው?»

«ከስድስት ሳምንት በኋላ።»

«ልጆች እንኳ ስንት ዓመት ይፈጅባቸዋል!»

«ልጆች ሰነፎች ናቸው።»

አጣፊዋ ሳቀች። እንፋሎት አልሳቀችም። «አንቺ ስታንቀላፊ እኔ በር እጠብቃለሁ። አለቃው ሲመጣ እስላለሁ። ከእንቅልፍሽ ግማሹን ለኔ ትሰጪኛለሽ።»

በዚሁ ተስማሙ።

አጣፊዋ መጀመሪያ ካርቶን ላይ ፊደል ጽፋ መጣች። እንፋሎት ካርቶኑን በመዳፏ ገፋችው። «ተይው። ፊደል ሰባ ዓመት ሙሉ ሳያውቀኝ ኖሯል፤ አሁን ብንተዋወቅ ምን እንባባላለን? በአፍ አምጪው።»

«እሺ። ይሄ ቋንቋ ሥር አለው፣ እማማ። አብዛኛው ቃል ሦስት ድምፅ ሥር ይዞ ነው የሚበቅለው። ለምሳሌ ይሄ የምናጥበው ልብስ ‹ክቪሳ› ነው። ይሄ ቤት ‹ሚኽባሳ›። ማጠብ ‹ለኻቤስ›። ሦስቱም ውስጥ ያው ሦስት ድምፅ፣ ክ-ብ-ስ፣ አለ፤ አንዳንዴ ይጠብቃል፣ አንዳንዴ ይላላል እንጂ።»

እንፋሎት ቃላቱን አፏ ውስጥ አንከባለለቻቸው። ከዚያ ከጎኗ ካለው ክምር አንድ አንሶላ ሳበችና ጠርዙን ገለበጠች።

ይሄን ሳላስረዳ ብሄድ ነገሩ አይገባም። ድርጅቱ የሆስፒታሉን፣ የሁለት ሆቴሎችንና የአረጋውያን ቤቱን ልብስ ያጥባል። አብዛኛው ነጭ ነው። እንዳይቀላቀል የእያንዳንዱ ደንበኛ ጨርቅ ጠርዙ ላይ ሦስት ስፌት አለው፤ የሆስፒታሉ ቀይ ቀይ ሰማያዊ፣ የአረጋውያኑ አረንጓዴ ቀይ አረንጓዴ፣ እንዲያ እያለ። ሌሎቹ ሴቶች ቁጥሩን ያነባሉ። እንፋሎት ቁጥር አታነብም፤ ጠርዙን ትገለብጣለች። አንሶላ ይሁን፣ የትራስ ልብስ ይሁን፣ ጋውን ይሁን፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ጠርዙን ካየች የማን እንደሆነ ታውቃለች። በዐሥራ አንድ ዓመት አንድም አሳስታ አታውቅም፤ አንባቢዎቹ ግን የሆቴሉን ፎጣ ለአረጋውያኑ ሁለት ጊዜ ልከዋል።

«ይኸውልሽ» አለች፣ ስፌቱን እያሳየች። «ሦስት ስፌት ነው በይኛ! ምን ያስጨንቅሻል? ልብሱ ቅርፁን ይለውጣል፣ ስፌቱ ያው ነው።»

አጣፊዋ አፏን ከፍታ ቀረች። «እኔን ትምህርት ቤት በዚህ ቢያስረዱኝ ኖሮ አልደበደብም ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት! ‹ሮፌ› ሐኪም፣ ‹ትሩፋ› መድኃኒት፣ ‹ሚርፓአ› ክሊኒክ፤ ጠርዙን ገለበጠች፣ አንድ ቤት። ‹ሾሜር› ዘበኛ፣ ‹ሚሽሜሬት› ፈረቃ፤ ጠርዙን ገለበጠች፣ አንድ ቤት። ‹ካቬድ› ሲሏት ደግሞ ተቆጣች።

«ከባድ ማለት ነው? ይሄማ የኛ ነው! ማን ሰጣቸው?»

«ቋንቋዎቹ ከጥንት ዘመዳሞች ናቸው፣ እማማ። ቁልፍ ‹ማፍቴአሕ› ነው የሚባለው፤ ክፍት ‹ፓቱአሕ›።»

«መፍቻ! ፈታ!» እንፋሎት ጭኗን መታች። «ዘመዶቼ ከሆኑ ታዲያ ዐሥራ አንድ ዓመት ምነው ደጅ አቆሙኝ?»

«እርስዎ መቼ አንኳኩ?»

ከወሬ ሥራ ይሻላል ብላ ወደ ካውያዋ ሄደች።

ቤትም አላረፈችም። የልጇ ሚስት አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ አማቷን ከማቀዝቀዣው ፊት ቆማ ስትነጋገር አገኘቻት።

«እማማ፣ ከማን ጋር ነው?»

«ከዚህ ጋር። ‹ሜካሬር› ነው ስሙ። ‹ካር› ማለት ብርድ ነው። ቁር አይደል የኛው? እሱም ዘመድ ወጣ።»

ልጅየው ከሶፋው ላይ ሳቀ። «እማዬ፣ በሰባ ዓመትሽ?»

«በሰባ ዓመቴ ታምሜ የለም እንዴ? ለመታመም ያልዘገየ ዕድሜ ለመማር ይዘገያል?»

«እኔ እያለሁልሽ ምን ያደርግልሻል?»

«አንተ እያለህልኝ ነው እኮ» አለችና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እሱ ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባውም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ ስንቅ ግን ገና ከባድ ነበር፣ ትከሻውን አጉብጦታል። እናቱም አይታለታለች። ለምን እንደሚዋሽ ብቻ አላወቀችም።

በሦስተኛው ሳምንት ጠገበች። ሥሩን ካወቅሁ ቃሉን ራሴ እሠራዋለሁ አለች። ‹ሊርሖጽ› መታጠብ እንደሆነ ታውቃለች፤ የጤና ተቆጣጣሪዋ እጃችሁን ታጠቡ ስትል ትሰማለች። ‹ሚ› ከፊት ሲገባ ቦታ እንደሚሆን ደግሞ ከ‹ሚኽባሳ›ና ከ‹ሚርፓአ› ተምራለች። ስለዚህ ለመጸዳጃ ቤት መሄድ ስትፈልግ ቀሚሷን አስተካክላ አለቃው ፊት ቆመችና «ወደ ሚርሐጻ ልሂድ» አለች፣ በዕብራይስጥ፣ በሙሉ ድምፅ።

አለቃው አፈጠጠ። ከዚያ እስኪያነባ ሳቀ። የሳቀውን አጣፊዋ ተረጎመችላት፤ «የእንፋሎት ገላ መታጠቢያ አምሮዎት ከሆነ እዚሁ ካውያው ሥር ይቀመጡ ይላል።»

«ሥሩ ልክ አይደለም?»

«ሥሩ ልክ ነው። ግን እንዲያ ብሎ የሚጠራው ሰው የለም፤ ‹ሼሩቲም› ነው የሚሉት። እማማ፣ ሥር ዘመዱን ይነግርዎታል እንጂ ጠባዩን አይነግርዎትም። ጠባዩ የሚታወቀው ሰው ሲናገረው ነው።»

ግማሽ ቀን አኮረፈች። ከሰዓት በኋላ ከካውያው ጭስ ውስጥ ብቅ ብላ፣ «ልክ ነሽ» አለች። «ልጄም ከኔው ሥር ነው። ጠባዩ ግን የማን እንደሆነ እንጃ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ደንብ አወጣች። አንድን ቃል ከሦስት አፍ ካልሰማች የኔ ነው አትልም፤ ከአለቃው፣ ከአውቶብስ ተሳፋሪ፣ ከራዲዮ፣ ከማንም ይሁን፣ ብቻ ከሦስት አፍ። ሦስት አፍ ያለፈውን ሥር ሽርጧ ጠርዝ ላይ በውስጥ በኩል ትሰፋዋለች፤ ሦስት ስፌት፣ ለያንዳንዱ ሥር የራሱ ቀለም። ቀኝ እጇ መርፌ ስለማይዝላት በግራዋ ነው። ስፌቱ ሰካራም እንደረገጠው መንገድ ጠማማ ነው፤ እሷ ግን እያንዳንዱን በጣቷ ስትዳብስ ቃሉ ከነቤተሰቡ ይመጣላታል። ከዐሥሩ ሰባቱ የሚጠፋባት ቀን ነበር። የጠፋውን እንደገና ሄዳ ታድናለች፣ እንደገና ትሰፋለች። ምን አማራጭ አላት? ቀኑ እየሄደ ነው፣ እጇም እየሄደ ነው።

አንድ ቀን አጣፊዋ አየሩን አሸተተች። «ምን ተቃጠለ? እማማ! እጅዎ!»

እንፋሎት ጎንበስ አለች። ጠቋሚ ጣቷ የጋለው ብረት ላይ ነበር። አልተሰማትም። ጣቷን አነሳችና እንደ ሌላ ሰው ጣት አየችው። «ዝም በይ» አለች፣ «አለቃው እንዳይሰማ። ቀጥዪ። ማድረቂያውን ምን ነው የሚሉት?»

ማድረቂያው በነጋታው ተበላሸና መካኒኩ መጣ፤ ሆዱ ከመሣሪያ ሳጥኑ ቀድሞ የሚገባ ሰውዬ። ‹ሜያቤሽ› እያለ ይራገማል። እንፋሎት ጠርዙን ገለበጠች። ‹ያቬሽ› ደረቅ፤ የብስ አይደል የኛው? ቤተሰቡን ጨርሳ ለማወቅ እርጥብ ፎጣ ገመድ ላይ ሰቀለችና በጣቷ እየጠቆመች ጠየቀችው፤ ማንም ሳይነካው፣ እንዲሁ ቀስ በቀስ ሲደርቅስ ምን ትሉታላችሁ?

«ሚትያቤሽ» አለ መካኒኩ፣ ብሎኑን ሳይለቅ።

ቆማ ቀረች። ቀኝ እጇን ገለበጠች። የአውራ ጣቷ ሥር፣ ድሮ እንደ ትንሽ ኮረብታ ሞልቶ የነበረው ሥጋ፣ ጎድጉዷል። በየቀኑ ስታየው አላየችውም። እየደረቀ ነው። እንዲሁ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ በቀስ። ሐኪሟ ያለችው ይሄን ነው፤ ልጇ «እረፊ» ብሎ ያቀበላት ይሄን ነው።

አላለቀሰችም። ለማልቀስ የቀረችው ቃል ትቅደም አለች።

የቀረችው ቃል፣ ‹ኒቱአሕ›፣ ደግሞ ዐሥራ አንድ ዓመት ከማሽኖቹ ጩኸት ጋር ተቀላቅላ ከፊቷ ስትመላለስ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት የሆስፒታሉ ሹፌር ከረጢቶቹን እየወረወረ እንደ ወትሮው የየክፍሉን ስም ይጮኻል። አረንጓዴዎቹ ጋውኖች ያሉበትን ከረጢት ወረወረና፣ «ሐዳር ኒቱአሕ!» አለ። ሐዳር ክፍል ነው፣ ታውቀዋለች። አረንጓዴዎቹን ጋውኖችም ታውቃቸዋለች፤ ስንት ጊዜ ቀድማ የደም እድፍ አይታባቸው ወደ ቀዝቃዛው ውሃ መልሳቸዋለች። ማን እንደሚለብሳቸውም ታውቃለች፤ ባሏ የተኛበት አልጋ ሲገፋ በሁለት በኩል ይዘውት የገቡት ሰዎች ይሄንኑ ለብሰው ነበር። ባሏ ከዚያ ክፍል በእግሩ አልወጣም።

ወደ አጣፊዋ ዞረች። አጣፊዋ አንሶላውን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ኦፕራሲዮን ነው» አለች እንፋሎት።

«ደረሱበት?»

«ደረስኩበት።» ከረጢቱ ላይ ተቀመጠች። «ያ ሞኝ ልጅ! አባቱን እያየ ነው። እኔን ሲያይ አባቱን እያየ ነው እኮ።»

«ልጅዎን ይቆጡታል?»

«እሱን በኋላ። መጀመሪያ ሐኪሟን እጠይቃታለሁ። ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ያስተኙኝ አያስተኙኝ፣ እምቢ ብልስ ምን እንደምሆን። ያን ሳላውቅ እሺም እምቢም አልልም።»

ቀጠሮው ለሦስት ሰዓት ነበር። ለልጇ አራት ሰዓት አለችው። ስትናገር ጆሮዋን አልቆነጠጠችም፤ ከዋሹ አይቀር አሳምሮ ነው። በእሱ መስመር አውቶብስም አልተሳፈረችም፤ ሁለት አውቶብስ ለውጣ፣ በቦርሳዋ ሽርጧን አጥፋ ይዛ ሄደች።

«ልጅሽስ?» አለቻት እንግዳ ተቀባይዋ በዕብራይስጥ።

«ሌቫድ» አለች። ብቻዬን። ከሦስት መቶ አፍ የሰማችው ቃል ነው፤ አሮጊት ሁሉ በሐኪም ቤት ኮሪደር የሚለው እሱን ነው።

ሐኪሟ በሩን ከፍታ ከኋላዋ ሰው ፈለገች። ማንም የለም። እንፋሎት ተቀመጠች፣ ሽርጧን ጭኗ ላይ ዘረጋች፣ ግራ እጇን ጠርዙ ላይ አኖረች። «ለአት፣ ለአት» አለቻት፤ ቀስ፣ ቀስ።

ሐኪሟ ወንበሯን ጎትታ ቀረበች። መናገር ጀመረች። ንግግሩ እንደ ማጠቢያው ውሃ ይሽከረከራል፣ ከአረፋው መሃል አንዳንዱ ቃል ብቅ ይላል፤ እንፋሎት ብቅ ያለውን ትይዝና ጠርዙን ትገለብጣለች። ያልያዘችውን «አልገባኝም» ትላለች፣ አሥር ጊዜም ሃያ ጊዜም፣ ሳታፍር። ‹ኒቱአሕ ካታን›፤ ትንሽ ነው። ‹ሃርዳማ›፤ ጠርዙን ገለበጠች፤ አጣፊዋ ከክምሩ ላይ እየተንጠራራች ስትወርድ ‹ኒርደምቲ› ትላለች፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሊያስተኙኝ ነው! ባሏንም አስተኝተው ነው።

«ሎ!» አለች፣ እጇን አንስታ። አይሆንም!

ሐኪሟ አንድ ቃል ጨመረች። ‹መኮሚት›። እንፋሎት ጠርዙን ዳበሰች፣ ዳበሰች። ‹ማኮም›፤ ቦታ። መደርደሪያው ሲሞላ አለቃው ‹ኤን ማኮም› እያለ የሚጮኸው፤ መቆሚያ የለም። የቦታ እንቅልፍ? የቀኝ አንጓዋን በግራ ጣቷ ነካች፤ እዚህ ቦታ? ይሄ ብቻ ነው የሚተኛው? ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። እጅሽ ትተኛለች፣ አንቺ ከኔ ጋር ታወሪያለሽ። ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ሦስት ሳምንት ‹ካቬድ› ነገር አታነሺም። ከመቶ ሰው አንዱ ይብስበታል። ካልሆነ አውራ ጣትሽ ‹ሚትያቤሽ›፤ አንዴ ከደረቀ አይመለስም።

እንፋሎት ግድግዳው ላይ ያለውን እጅ አየች።

«ልጅሽ» አለች ሐኪሟ፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ «አትፈልግም አለኝ። ሁለት ጊዜ።»

ይሄ ሁሉ ገባት። ቤን፣ ልጅ። አማር፣ አለ። ሎ ሮጻ፣ አትፈልግም። እንዲህ ጥርት ብሎ የገባት አንድም ዓረፍተ ነገር አልነበረም፤ ባይገባት በወደደች። እሷ በዚያች ወንበር ላይ፣ በዚህ አካሏ፣ ተቀምጣ ሳለ፣ ከጎኗ ያለው ልጇ እሷን ሆኖ እምቢ ብሏል።

ቀና አለች። «አኒ ሮጻ» አለች። እኔ እፈልጋለሁ።

ሐኪሟ ወረቀት አወጣች፣ እስክሪብቶ ሰጠቻትና ‹ሐቲማ› አለች። ለዚህ ጠርዝ መገልበጥ አላስፈለጋትም፤ ማኅተም ነው። ሐኪሟ እንደማትጽፍ ገብቷት አውራ ጣቷን ለቀለም ልትይዝላት እጇን ስትዘረጋ እንፋሎት ገፋቻት። እስክሪብቶውን በግራ እጇ ጨበጠች። መስመሩ ላይ ሦስት ስፌት ሳለች፣ ጎን ለጎን፣ ጠማማ፣ ግን የራሷ።

በሩ ተበርግዶ ልጇ ገባ፤ ለአራት ሰዓቱ መጥቶ እናትህ ከገባች ቆየች ተብሎ፣ የሹፌር ልብሱን እንደለበሰ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ። ወረቀቱን አየ፣ ሐኪሟን አየ፣ እናቱን አየ።

«እማዬ! ምን አለችሽ?»

«እረፊ ትላለች» አለችው እንፋሎት። «ክኒኑንም አትርሺ ትላለች።»

እጁ ወደ ጆሮው ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመ፣ ወረደ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። አስቀመጠችው። «እኔ ግን እንዳንተ እፍኝ አልሰጥም፤ ሙሉ ክምሩን እንካ» አለችና ሁሉንም ነገረችው፤ ትንሹን፣ የሚተኛውን እጅ፣ ሦስቱን ሳምንት፣ ከመቶ አንዱንም። ክፉውንም ደጉንም ሳታስቀር።

«አባዬንም ትንሽ ነው ብለውት ነበር» አለ፣ ወለሉን እያየ።

«አውቃለሁ። አብሬው ነበርኩ። አባትህ ግን ምን እንደሚያደርጉት አውቆ፣ እሺ ብሎ ገባ። ቢሞትም ሞቱ የራሱ ነው። አንተ እኔን ከነነፍሴ ሸሸግኸኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? ለዚያውም የሰው በሽታ!»

«ብትሞቺብኝስ?»

«ያኔ ታለቅሳለህ፤ ምን ታደርጋለህ። አሁን ግን እየደረቀ ያለው የኔ ጣት ነው፤ መታጠብ መልበስ የማትችል አሮጊት ሆኜ የምኖረውም አንተ ሳትሆን እኔ ነኝ።»

እሱ ከጭኗ ላይ ሽርጡን አነሳ፣ ጠርዙን ገለበጠ፣ ጠማማዎቹን ስፌቶች አንድ በአንድ በጣቱ ሄደባቸው። ሃምሳ አንድ ሥር ነበር።

«ይሄን ሁሉ በግራሽ?»

«በግራዬ። አንድ ብቻ ሆን ብዬ አልሰፋሁም። ‹ስሊሓ›። ይቅርታ ማለት አይደል? ደንቤ ሦስት አፍ ነው፤ እሷን ከአውቶብስ ተሳፋሪ ሁሉ ሰምቻታለሁ፣ እግሬን በረገጡኝ ቁጥር። ካንተ አፍ ግን ሰምቼ አላውቅም፤ ያላንተ አልሰፋትም ብዬ ቦታ ትቼላታለሁ።»

ጎልማሳው ሹፌር አንገቱን ደፋ። «ስሊሓ፣ እማዬ» አለ።

እንፋሎት የደነዘዘውን እጇን ራሱ ላይ አኖረች። የፀጉሩ ልስላሴ አልተሰማትም። ይሰማኛል ገና አለች በሆዷ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ።

«ተነሥ በል» አለችው። «አውቶብሱን የት ጥለኸው ነው የመጣኸው? ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል። እኔ ክር ልገዛ እወጣለሁ።»